የሞራል ካሳ ጣሪያ፦ ከካሊፎርኒያው 250,000 ዶላር እስከ እኛው 1,000 ብር

ክቡራትና ክቡራን፣ በሕክምናና በሕግ ሙያ የተሰማራችሁ ባልደረቦቼ፣

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሕክምና ስህተት ተጠያቂነት ሕግን ማሻሻል በሐኪምና በታካሚ ላይ የሚያስከትለው ውጤት ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ቦታ ይዤ ለመቆም ወስኛለሁ። ያም ቦታ የማደንዘዣ ሐኪም ሆኜ ረጅም ዘመን የሠራሁበት የካሊፎርኒያ ግዛት ነው። የዚያን አገር ታሪክ ከነገርኋችሁ በኋላ ወደ እኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ እመለሳለሁ፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1975 ያደረገችውን እኛ አሥራ አምስት ዓመት ቀድመን አድርገነው ነበርና።

በዚያን ጊዜ ለካሊፎርኒያ ሐኪሞች የሙያ ተጠያቂነት መድን ይሸጡ ከነበሩት ኩባንያዎች አንዳንዶቹ አረቦናቸውን፣ ማለትም ለመድኑ የሚያስከፍሉትን ገንዘብ፣ በብዙ እጥፍ አናሩ፤ ሌሎቹም ገበያውን ጥለው ወጡ። ሆስፒታሎች መድን የሌለውን ሐኪም ቀዶ ሕክምና ክፍል ስለማያስገቡ፣ የአረቦኑ ጉዳይ ለብዙዎች ሥራ የመቀጠልና ያለመቀጠል ጉዳይ ሆነ። ክፉኛ ከተመቱት መካከል የእኔው ሙያ ባልደረቦች ነበሩ። በሜይ ወር በሳን ፍራንሲስኮና በአካባቢዋ የሚሠሩ የማደንዘዣ ሐኪሞች ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ሥራ አቆሙ፤ ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና የለምና የሆስፒታሎቹ ሥራ ተስተጓጎለ። አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን የግዛቱን ምክር ቤት ለልዩ ጉባኤ ጠሩ፤ በሴፕቴምበር ወርም የሕክምና ጉዳት ካሳ ማሻሻያ ሕጉን ፈረሙ። ሕጉን አገሬው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ማይክራ» ይለዋል፤ እኔም እንዲሁ እለዋለሁ።

ማይክራ ብዙ ነገር ነክቷል። የካሳው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የጠበቃው ድርሻ እያነሰ እንዲሄድ ደረጃ አበጅቷል፤ ክስ ማቅረቢያ የሆነውን የይርጋ ጊዜ አሳጥሯል፤ ለወደፊት ጉዳት የሚፈረደው ከፍተኛ ገንዘብ በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ስሙን ያስጠራው ግን አንድ ድንጋጌ ነው። በሕክምና ቸልተኝነት የተጎዳ ሰው ለሕክምና ላወጣው ወጪና ላጣው ገቢ በማስረጃ ያረጋገጠውን ያህል ካሳ ያገኛል፤ ለሥቃዩ፣ ለአካሉ መጉደል፣ የሚወደውን ሰው በማጣቱ ለደረሰበት ሐዘን፣ እኛ የሞራል ጉዳት ለምንለው፣ ግን ከ250,000 ዶላር በላይ ሊፈረድለት አይችልም ነበር። ካሳውን የሚወስነው የተራ ዜጎች ቡድን፣ ጁሪው፣ ስለዚህ ጣሪያ አይነገረውም፤ የፈለገውን ያህል ቢወስንም ዳኛው በኋላ ወደ ጣሪያው ያወርደዋል። ድንጋጌው ከሕገ መንግሥት ጋር ይቃረናል የሚል ክርክር ተነሥቶበት ነበር፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1985 አጸናው።

ይህ ድንጋጌ በወረቀት ላይ ሁሉን በእኩል ዓይን የሚያይ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሰውን በደመወዙ ይለየዋል። የአርባ ዓመት መሐንዲስ በቀዶ ሕክምና ስህተት ከሥራው ቢፈናቀል፣ እስከ ጡረታው ድረስ የሚያገኘው የነበረ ደመወዝ ተሰልቶ ይፈረድለታል፤ ለዚያ ክፍል ጣሪያ የለበትም። ልጆቿን በቤት የምታሳድግ እናት፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ግን ለዳኛ የሚያሳዩት የደመወዝ ወረቀት የላቸውም። ሕፃኑ ከሞተ ደግሞ ወላጆቹ ሊጠይቁት የሚችሉት ካሳ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሐዘናቸውን የሚመለከት ስለሆነ፣ የጣሪያው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው።

ከዚህም የሚከፋው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የሚሆነው ነው። አሜሪካ ውስጥ የተጎጂ ጠበቃ የሚከፈለው ካሳ ሲገኝ ከካሳው ላይ ተቆርጦ ነው። የሕክምና ክስ ደግሞ ያለ ባለሙያ ምስክር አይራመድም፤ ለምስክሮቹም አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃው ከኪሱ ብዙ ሺህ ዶላር ያስቀድማል። ጣሪያውን፣ የአበሉን ደረጃና የምስክሮቹን ወጪ ደምሮ ቀንሶ ያሰላ ጠበቃ የአዛውንቱን ወይም የሕፃኑን ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይቀበልም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ተሟግቶ አልተረታም፤ የሚሟገትለት ሰው አጥቶ ቀረ እንጂ። በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ክስ በየትኛውም ስታቲስቲክስ ውስጥ ስለማይታይም፣ የክስ ቁጥር ሲቀንስ የሕክምናው ጥራት የተሻሻለ መስሎን ልንደሰት እንችላለን።

በዚህ ላይ ጊዜ ታከለበት። የ1975ቱ ሕግ አውጪዎች ጣሪያው ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ከፍ እንዲል የሚያደርግ ቃል በሕጉ አላስገቡም። በ1975 በ250,000 ዶላር የሚገዛውን ያህል ለመግዛት በ2022 ከ1,300,000 ዶላር በላይ ያስፈልግ ነበር፤ ጣሪያው ግን እስከዚያው ድረስ ካለበት አልተነቃነቀም። አንድም ሕግ አውጪ ይቀነስ ብሎ እጁን ሳያወጣ፣ ከዋጋው ከአምስት እጅ አራቱ ተሸርሽሮ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጣሪያውን ወደ 1,100,000 ዶላር ገደማ ከፍ የሚያደርግ ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ሐኪሞች የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እንዲደረግባቸው ከሚያስገድድ ሌላ ሐሳብ ጋር ተጣምሮ የቀረበ ሲሆን፣ በሰፊ የድምፅ ልዩነት ወደቀ።

አሁን ስለ ሐኪሙ ልናገር፤ ወገኔ ነውና ጭንቀቱን አሳንሼ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው በየዓመቱ ከአሜሪካ ሐኪሞች 7.4 በመቶ የሚሆኑት ይከሰሳሉ፤ ካሳ ወደ መክፈል የሚያደርስ ክስ የሚገጥማቸው ግን 1.6 በመቶው ናቸው። እንደ አንጎል ቀዶ ሕክምና ባሉ አደጋ በሚበዛባቸው ሙያዎች ውስጥ ስድሳ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንድም ክስ የማይደርሰው ከመቶ ሐኪም አንድ ብቻ እንደሆነ ይኸው ጥናት ገምቷል። የተከሰሰ ሐኪም ጠበቃው ዝም እንዲል ይመክረዋል፤ ስለ ጉዳዩ ከባልደረቦቹ ጋር እንዳይወያይ፣ ከታካሚው ቤተሰብ ጋር እንዳይነጋገር ይነገረዋል። ክሱ ለዓመታት ሊጓተት ይችላል። በመጨረሻ ነፃ ቢወጣም እንኳ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ያልተኛባቸውን ሌሊቶች የሚመልስለት የለም። ይህ የደረሰባቸው ጎበዝ ባልደረቦች አሉኝ፤ አንዳንዶቹ ያንን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ዳግመኛ አልነኩም።

ሐኪሞች ክስን ፈርተው የማያስፈልግ ምርመራ ያዛሉ የሚባለውም እውነትነት አለው። ኬስለርና ማክሌላን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጠያቂነትን በቀጥታ የሚቀንሱ ማሻሻያዎችን ባደረጉ ግዛቶች ለአረጋውያን የልብ ሕሙማን የሚወጣው የሆስፒታል ወጪ ከ5 እስከ 9 በመቶ እንደቀነሰ፣ በሕሙማኑ ጤና ላይ ግን የጎላ ጉዳት እንዳልታየ ጽፈዋል። ይህን ጥናት የጣሪያ ደጋፊዎች አዘውትረው ይጠቅሱታል። ነገር ግን ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕዝበ ውሳኔ ጠባብ ድምፅ ተመሳሳይ ጣሪያ ካጸደቀች በኋላ ያለውን ጊዜ የመረመሩት ብላክ፣ ሃይማን፣ ሲልቨርና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ሌላ ነው። የካሳ ክፍያው በእጅጉ ቀንሷል፤ የሐኪሞቹ አረቦንም ወርዷል፤ አጠቃላይ የሕክምና ወጪው ግን አልቀነሰም፤ ከሌሎች ግዛቶች ጋር ሲነጻጸርም የሐኪም ቁጥር በማሻሻያው ምክንያት ስለመጨመሩ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ጣሪያ ለሐኪሙ እፎይታ እንደሚሰጥ እቀበላለሁ፤ የሕክምናን ዋጋ ለሕዝብ ይቀንሳል የሚለውን ተስፋ ግን ማስረጃው አይሸከመውም። በካሊፎርኒያም ቢሆን አረቦንን ያረጋጋው ማይክራ ነው ወይስ እ.ኤ.አ. በ1988 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው የመድን ዋጋ ቁጥጥር ሕግ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ሁለቱ ወገኖች ስለ ክስ ብዛት ሲጨቃጨቁ የሚዘነጉት አንድ ትልቅ ጥናት አለ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በኒው ዮርክ ግዛት 51 ሆስፒታሎች ተኝተው ከታከሙ ሰዎች ውስጥ የ30,000 ያህሉን መዝገብ መረመሩ። ከታካሚዎቹ 3.7 በመቶው በሽታቸው ሳይሆን ሕክምናው ራሱ ጉዳት አድርሶባቸው ነበር፤ ከእነዚህም ከሩብ በላይ የሚሆኑት የተጎዱት በቸልተኝነት ነው። በቸልተኝነት ከተጎዱት ውስጥ ክስ ያቀረቡት ግን ከመቶ ሁለት አይሞሉም። በሌላ በኩል ከቀረቡት ክሶች ብዙዎቹ ተመራማሪዎቹ ቸልተኝነት ያላገኙባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመና 1,452 ክሶችን የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ ለተጎጂ ከሚከፈል ከእያንዳንዱ አንድ ዶላር ጋር 54 ሳንቲም ለጠበቃ፣ ለምስክርና ለፍርድ ቤት ወጪ እንደሚሄድ አስልቷል። እንግዲህ የተበደለው አይከስም፣ ከሚከሰሱት ብዙዎቹ አልበደሉም፣ ገንዘቡም መንገድ ላይ ይቀራል። የካሳውን ጣሪያ ዝቅም አድርጉት ከፍ፣ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አያቃናም።

ታዲያ ምን ያቃናል? እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሙያ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እንድናገር ፍቀዱልኝ። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመድን ኩባንያዎች ጋር ተስማምቶ የተዘጉ የክስ ፋይሎችን ማገላበጥ ጀመረ። እነዚያ ፋይሎች እስከዚያ ድረስ የጠበቆች ምሥጢር ሆነው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲነበቡ ግን ያው ታሪክ ደጋግሞ ወጣ፦ ሞትና የአንጎል ጉዳት ከደረሰባቸው ክሶች እጅግ ብዙዎቹ ከአተነፋፈስ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ቱቦው በአየር ቧንቧ ፋንታ በምግብ ቧንቧ ገብቷል፤ ወይም ታካሚው በቂ አየር እያገኘ አልነበረም፤ ሐኪሙም ያወቀው ልብ ሊቆም ሲል ነው። አብዛኛውን በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በጣት ላይ የሚለካው መሣሪያና ከሳንባ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሳየው መሣሪያ ሊከላከሉት ይችሉ እንደነበር ታወቀ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1986 በማደንዘዣ ጊዜ ሊደረግ የሚገባውን የክትትል መመዘኛ አወጣ፤ በኋላም መሣሪያዎቹ የማይቀሩ ግዴታዎች ሆኑ። በማደንዘዣ ምክንያት የሚደርሰው ሞት በእጅጉ ቀነሰ፤ የማደንዘዣ ሐኪሞችም አረቦን ወረደ። በ1975 አረቦን ከፍቶብን ሥራ ያቆምን ሰዎች በመጨረሻ አረቦናችንን ያወረድነው ስህተታችንን ገልጠን በማንበብ ነው። የሙያዬን ሰዎች የማከብረው በዚህ ነው።

ፋይል መግለጥ ለምን እንደሚከብድ ግን አውቃለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ኢንተርን በነበርሁበት ዘመን አንድ ልጅ በሌሊት ሞተብን። አባቱ የልጁ የካርድ ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ይዞ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። «ዶክተር፣ ምን እንደ ሆነ ብቻ ንገሩኝ፤ ሌላ የምፈልገው የለም» ይል ነበር። መድኃኒቱ ዘግይቶ እንደ ተሰጠ እኔ አውቅ ነበር፤ ከእኔ በላይ ያሉትም ያውቁ ነበር። ምንም እንዳልናገር ታዘዝሁ፤ እኔም እሺ አልሁ። ሦስቱንም ጊዜ «አረፈ፣ በሽታው ከባድ ነበር» ብዬ መለስሁት። በአራተኛው የመጣው አባትየው ሳይሆን የፖሊስ ደብዳቤ ነበር። ያ ሰው ሊያሳስረን ፈልጎ አልነበረም፤ የሚያናግረው ሰው ያገኘው ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ስለሆነ ነው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የተከተሉት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጉዳት ሲደርስ ራሳቸው ይመረምራሉ፤ ስህተት ካገኙ ለቤተሰቡ በግልጽ ይነግራሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ሳይከሰሱ ካሳ ያቀርባሉ፤ ስህተት ካላገኙም ለምን ስህተት እንዳልሆነ ያስረዱና ሐኪማቸውን እስከ መጨረሻው ይከላከላሉ። ብዙ ጠበቆች ይህ የክስ ጎርፍ ያመጣል ብለው ፈርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ግምገማ መሠረት ግን በየወሩ ከ100,000 ታካሚ ጉብኝት ውስጥ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ክስ ከ2.13 ወደ 0.75 ወረደ፤ ጉዳዮች የሚቋጩበት ጊዜና የሚወጣው ወጪም ቀነሰ። ይህ የአንድ ተቋም ልምድ መሆኑን አልዘነጋም፤ የራሱ መድንና የራሱ ቋሚ ሐኪሞች ያሉት ሀብታም ተቋም ነው። ቢሆንም ፍርሃቱ መሠረት እንዳልነበረው አሳይቷል።

ካሊፎርኒያም በመጨረሻ ወደዚህ ተጠጋች። እ.ኤ.አ. በ2022 ሐኪሞችና የተጎጂ ጠበቆች ከአርባ ዓመት በላይ ከተፋለሙ በኋላ ተደራድረው የተስማሙበትን ሕግ አገረ ገዢ ጋቪን ኒውሰም ፈረሙ። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ጣሪያው ሞት ላልደረሰበት ጉዳት 350,000፣ ለሞት 500,000 ዶላር ሆነ። በአሥር ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደ 750,000 እና ወደ 1,000,000 ዶላር ያድጋል፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ሁለት በመቶ ይጨምራል። ጋዜጦቹ ብዙም ያላነሡት፣ ለእኔ ግን ከቁጥሮቹ የማይተናነስ አንቀጽም አለው፦ ሐኪም ክስ ከመቅረቡ በፊት ለቤተሰቡ የገለጸው ሐዘን፣ የጠየቀው ይቅርታ፣ ጥፋቱን ያመነበትም ቃል ቢሆን በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሊጠብቅ እንደሚገባው ይደነግጋል፤ በቸልተኝነት ጉዳት ያደረሰ ሐኪምም ኃላፊ ይሆናል። የደረሰው ቁሳዊ ጉዳት በልኩ ይካሳል። የሞራል ጉዳት ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 መሠረት ምንም ቢሆን ከ1,000 ብር አይበልጥም። ሕጉ ሲወጣ አንድ ዶላር ሁለት ብር ተኩል ገደማ ነበርና ይህ 400 ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ አሥር ዶላር አይሞላም። የካሊፎርኒያው ጣሪያ ከአምስት እጅ አራቱ ተሸረሸረ ብለን ካዘንን፣ የእኛው ወለሉ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ገቢው በደረሰኝ የማይረጋገጥ ገበሬ፣ የጉልት ነጋዴ፣ የቤት እመቤት፣ ሕፃን ልጅ በሚበዛበት አገር ቁሳዊ ጉዳትን ማስረዳት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ለአብዛኛው ቤተሰብ የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ከጠበቃ አበልና ከመመላለሻ ያነሰ ገንዘብ የሚያስገኝ መንገድ ነው።

በአንጻሩ የወንጀሉ መንገድ ለከሳሹ ምንም አያስወጣም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው፣ ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት ጠቅሶ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣዋል። የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴም ቅሬታ ይመረምራል፤ በፈቃድ ላይ እርምጃ ሊያስወስድ ይችላል፤ ካሳ ግን አይሰጥም። ስለዚህ የተጎዳው ቤተሰብ የካሳው በር ሲጠብበት ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ሐኪሙም የመድን ጉዳይ ሊሆን ይገባው በነበረ ስህተት የእስር ሥጋት ይገጥመዋል። በእኔ አስተያየት የ1,000 ብሩ ጣሪያ ሐኪሙንም አልጠበቀውም። እስር የሚፈራ ሐኪም ደግሞ ካርዱ ላይ እውነቱን አይጽፍም፤ እውነት ከሌለበት ካርድ ማንም ምንም አይማርም።

ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የተጎዳን ሰው ጥፋተኛ ሳይፈለግ ከአንድ የሕዝብ ገንዘብ እንደምትክስ፣ ለዚያም ሲባል የግል ክስን እንዳስቀረች አውቃለሁ፤ ከ2005 ወዲህም ታካሚው የማንንም ስህተት እንዲያስረዳ አይጠየቅም። የሚያስቀና ሥርዓት ነው፤ ሆኖም የሚቆመው በጠንካራ የታክስና የማኅበራዊ ዋስትና መሠረት ላይ ስለሆነ ነገ እናድርገው ብዬ አልነሣም። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። የአንቀጽ 2116 ቁጥር ይነሣ፣ ወይም ከዋጋ ግሽበት ጋር የሚሄድ ሆኖ እንደገና ይጻፍ። የወንጀል ክስ ለግዴለሽነትና ለከባድ ቸልተኝነት ብቻ ይቀመጥ። ሆስፒታሎች የሠራተኞቻቸውን የሙያ መድን ራሳቸው ይግቡ፤ የወር ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃውን ጠቅላላ ሐኪም አረቦን ክፈል ማለት አይቻልምና። የሐኪም ይቅርታ በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዳይሆንበት በሕግ ይደንገግ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን አንዱ አዋጅ አያስፈልገውም። ማንኛውም ሆስፒታል ከነገ ጀምሮ፣ በውስጡ ለሞተ ወይም ለተጎዳ ታካሚ ቤተሰብ ምን እንደ ሆነ በሚገባቸው ቋንቋ የሚነግር አንድ አንጋፋ ሐኪም መመደብ ይችላል። የተቀረው የሕግ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ጥያቄዬን ለሕግ ባልደረቦቼ አቅርቤ መድረኩን እለቃለሁ። የ1,000 ብሩን ገደብ ፍርድ ቤቶች በትርጉም ሊያልፉት የሚችሉበት መንገድ አለ፣ ወይስ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን መጠበቅ ግድ ነው?